የገላኑ የጠመንጃ ሳጥን፦ የጎረሰ መሣሪያ ሲገባበት የማይዘጋ

ስለ አደን ጠመንጃ ሳጥን ሲነሳ ገዢ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቁልፉ ነው፤ ይሰበራል ወይ፣ በግራይንደር ይቆረጣል ወይ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሱ የሚቀድም ግን አለ፦ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ቢገባበት ክዳኑ ይዘጋል? አብዛኛው ሳጥን ምንም ሳይል ይዘጋል። ገላን ውስጥ፣ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የብረታ ብረት ቤት በትእዛዝ የሚሠራው ባለሁለት ጠመንጃ ሳጥን ለዚህ ግምገማ የተመረጠው ይህንን ጥያቄ አስቦ የተሠራ በመሆኑ ነው። ሙሉ በሙሉ አልመለሰውም፤ ግማሹን ግን አሳምሮ መልሶታል።

ከልኩ እንጀምር። የውጭ ልኩ 132 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 32 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 26 ሳ.ሜ. ቁመት ነው። ሁለቱ ጠመንጃዎች የማነጣጠሪያ መነጽራቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ የአንዱ አፈሙዝ ከሌላው ሰደፍ ጎን እየሆነ ይቀመጣሉ። የዘመኑ የአደን ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከ117 ሳ.ሜ. ስለማያልፍ በቂ ቦታ አለው። ከአያት የተወረሰ ረጅም ጠመንጃ ያለው ግን ሳያዝዝ በፊት በሜትር ይለካ፤ 130 ሳ.ሜ. የሚደርሱ አሉ፣ እነሱ አይገቡም።

ቀፎው በ1.5 ሚሊ ወይም በ2 ሚሊ ላሜራ ይሠራል። ብረት በአንድ ካሬ ሜትር በየአንዱ ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ የሳጥኑ ጠቅላላ ገጽ 1.7 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባዶው ቀፎ በ1.5 ሚሊ 20 ኪሎ፣ በ2 ሚሊ ደግሞ ወደ 27 ኪሎ ይመጣል። የሰባት ኪሎ ልዩነት ለፒክአፕ ምንም አይደለም፤ 2 ሚሊውን ይዘዙ። ባለ 1.5 ሚሊው ክዳን 132 ሳ.ሜ. ላይ ይወዛወዛል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ጫፉንም በፌሮ ማንሳት ይቻላል። 1.5 ሚሊውን የግድ የሚል ከክዳኑ ሥር ሁለት ስስ አንግል ብረት በአግድም እንዲበየድ ይጠይቅ።

ሌላው ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቅ ነገር የላሜራው መጠን ነው። ወለል፣ ክዳንና ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ሲደመሩ 116 ሳ.ሜ. ስፋት ይፈጃሉ። ከ1 ሜትር በ2 ሜትር ላሜራ ይህ አይወጣም፤ ቤቱ እጁ ላይ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ አንዱን ጎን ከትራፊ ቀጥሎ ይበይደዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታይም። መንገድ ግን ያገኘዋል፤ የሚሰነጠቀው በዚያ መገጣጠሚያ ነው። ከ1.22 በ2.44 ሜትር ላሜራ እንዲቆረጥ በወረቀት አስጽፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ውስጡ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ሁለት የዋንዛ መቀመጫ አለው፤ አንዱ በርሜሉ ከሚያርፍበት እንጨት ሥር፣ ሌላው ከሰደፉ ሥር። መነጽሩ ምንም አይነካም፣ ይህ ለብቻው ያስመሰግነዋል። በሁለቱ መቀመጫዎች መሀል፣ በጠመንጃው ኋላ በኩል፣ በጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚንሸራተት የናይለን ዘንግ አለ። ውፍረቱ 16 ሚሊ ነው፤ ጫፉ ላይ 10 ሚሊ የሆነ 3 ሳ.ሜ. አፍንጫ አለው። መቀባበያው፣ ማለትም ጥይቱን ገፍቶ የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት፣ ከጠመንጃው ወጥቶ ለብቻው ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዘንጉ በባዶው መስመር ወደፊት ይገፋል፤ አፍንጫው ማጉረሻው ውስጥ፣ ማለትም ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት በሚያርፍበት የበርሜሉ ክፍል፣ ይገባል፤ ያኔ እጀታው ወደ ታች ይታጠፋል።

መቀባበያው ካልወጣ ዘንጉ መግቢያ የለውም። ማጉረሻው ውስጥ ጥይት ቀርቶ ከሆነም አፍንጫው የቀልሃውን ቂጥ ነክቶ ይቆማል። በሁለቱም ጊዜ እጀታው አይታጠፍም፣ ከሳጥኑ ከንፈር 4 ሳ.ሜ. ያህል ተርፎ ይቀራል፣ ክዳኑም አይገጥምም። ዘንጉ ብረት ያልሆነው በምክንያት ነው፤ የጥይትን ቂጥ በብረት ጫፍ መጎንተል ማንም አይፈልግም። ናይለኑንም ቢሆን በዝግታ ነው መግፋት።

ልኩ 30-06 እና 375 ኤች ኤንድ ኤች ለተባሉት የጥይት ዓይነቶች (ካሊበሮች) ይስማማል፤ የሁለቱም ማጉረሻ ከ10 ሚሊ ይሰፋል። ለ223 ግን አይሆንም፣ የቀልሃው ቂጥ ራሱ ከ10 ሚሊ በታች ነውና አፍንጫው አይገባለትም። ካሊበራችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። ዘንጉን 17 ሚሊ እንዲያደርጉላችሁም አትፍቀዱ፤ ጠበቅ ያለ ጥሩ ይመስላል፣ ትንሽ አቧራና ዘይት ሲጨመርበት ግን ይነክሳል። በየጉዞው መጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ያለበለዚያ የመንገዱን አቧራ ማጉረሻ ውስጥ የሚያስገባው ራሱ ዘንጉ ይሆናል።

ጉድለቱ ካዝናው፣ ማለትም ተጠባባቂ ጥይቶቹ የሚደረደሩበት የጠመንጃው ክፍል፣ ላይ ነው። ተነቃይ ካዝና ላለው ጠመንጃ ቤቱ መልስ አለው፦ በካዝናው ጉድጓድ ልክ ከፍ ያለ የእንጨት ጉብታ መቀመጫው ላይ ይሠራል፣ ካዝናው ካልወለቀ ጠመንጃው አይቀመጥም። ከሥሩ በሚከፈት ክዳን ብቻ ለሚራገፍ የውስጥ ካዝና ግን ምንም የለም። ሦስት ወይም አራት ጥይት እታች ተደርድሮ፣ ማጉረሻው ባዶ ሆኖ፣ መቀባበያው ወጥቶ፣ ዘንጉ ከጥይቶቹ በላይ አልፎ ይገባል፤ ክዳኑም ይዘጋል። ይሄ ጠመንጃ የጎረሰ ነው ወይስ አይደለም?

መልሱ በየአገሩ ይለያያል፤ ከውጭ ለአደን የሚመጣ እንግዳ ይዞት የሚመጣው ልማድም እንደዚያው። በካሊፎርኒያ የዓሣና የዱር እንስሳት ሕግ አንቀጽ 2006 መሠረት በመኪና ውስጥ ያለ ረጅም ጠመንጃ የጎረሰ የሚባለው ማጉረሻው ውስጥ ጥይት ሲኖር ነው፤ ካዝናው ብቻ ቢሞላ አይቆጠርም። ፔንስልቬንያ ደግሞ የአደን ሕጉ ካዝናውንም ይቆጥራል። ሚሺጋን ጠመንጃው መራገፉ አይበቃውም፤ በመያዣ ውስጥ ወይም በኋላ ሻንጣ መሆን አለበት። የጀርመን ሕግ ጉዳዩን ሁለት ቦታ ከፍሎ ያየዋል፦ ለመተኮስ ዝግጁ መሆንና ለእጅ ቅርብ መሆን። አዳኝ ወደ አደን ሲሄድ ጠመንጃው እጁ አጠገብ ቢሆን ይፈቀድለታል፣ ጥይት መጉረስ ግን አይፈቀድለትም። ሌላ ጉዞ ላይ ያለ ሰው ሁለቱንም አይችልም። «ለእጅ ቅርብ» ለሚለውም መለኪያ አላቸው፤ ከሦስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ፣ ከሦስት ባነሰ የእጅ እንቅስቃሴ መሣሪያው ተኩስ ላይ ከደረሰ ቅርብ ነው። የገላኑ ሳጥን ውስጥ ያለ ጠመንጃ በዚህ መለኪያ ቅርብ አይባልም፦ ሁለት ቁልፍ፣ ክዳን፣ እጀታ፣ ዘንግ፣ መቀባበያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ ጥይት።

እኛ አገር መነሻው ፈቃድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያንም ጥይትንም ያለ ፈቃድ መያዝና ማጓጓዝን ወንጀል ያደርጋል። አደኑ ራሱ በዱር እንስሳት አዋጅና ደንብ ሥር ነው፤ ፈቃዱ የሚወጣው ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። ምርጥ ሳጥን የፈቃድን ቦታ አይተካም። ፈቃዱ የሰው ስለሆነም የተቆለፈ ሳጥን ለሾፌር አስረክቦ «ዶዶላ እንገናኝ» ማለት አይሠራም፤ ባለፈቃዱ መኪናው ውስጥ ይሁን። ኬላ ላይ ደግሞ ካዝናው ይቆጠራል አይቆጠርም ብሎ የሚከራከር አዳኝ ሰዓቱን ነው የሚያቃጥለው። ማጉረሻው ባዶ፣ ካዝናው ባዶ፣ መቀባበያው ለብቻ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ከሆነ ከላይ ከተዘረዘሩት ሕጎች ሁሉ ጥብቁን ያሟላል።

ስለዚህ ቤቱ ላልሠራው ነገር ሁለት አማራጭ አለ። ቀላሉ ልማድ ነው፦ የካዝናው የሥር ክዳን ተከፍቶ ጥይቶቹ በእጅ ይቆጠራሉ፤ ሦስት ገብተው ከነበር ሦስት መውጣት አለባቸው። ሁለተኛው ሳጥኑን 33 ሳ.ሜ. ቁመት አድርጎ ማዘዝና የፊተኛው መቀመጫ መሀል ላይ ክፍተት ማስወጣት ነው፤ የካዝናው ክዳን እንደተከፈተ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። በዚህ አሠራር ካዝናው ተሞልቶ ሊቀር አይችልም። ያን ጊዜ ወለል፣ ክዳንና ረጃጅም ጎኖቹ 130 ሳ.ሜ. ስለሚፈጁ አንዱ ጎን ከሁለተኛ ላሜራ ሙሉ ሆኖ ይቆረጥ፤ ትንሽ ብረት ይጨምራል፣ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። ቤቱ ይህንን ራሱ አስቦ መደበኛ ቢያደርገው ሳጥኑ በዚህ በኩል ነቀፋ የሚወጣለት አይሆንም ነበር።

ማራገፉ የሚደረገው ከመኪና ውጭ ነው። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መቀባበያ መሳብ የብዙ አደጋ ምንጭ ነው፤ አፈሙዙ የት እንደዞረ ማንም አያይም፣ ማንገቻው መሪ ወይም ማርሽ ላይ ይጠመጠማል። «ሴፍቲ ላይ ነው» የሚለው መልስም ብዙ አያስተማምንም። በብዙ ጠመንጃዎች ሴፍቲው የሚይዘው ቃታውን ወይም ከቃታው ጋር የተያያዘውን ክፍል ነው፤ ማጉረሻው ውስጥ ያለው ጥይት እዚያው ነው። መቀባበያውን ጭምር የሚቆልፍ ሴፍቲ ያላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ጥይቱን ለማውጣት መጀመሪያ ሴፍቲውን መልቀቅ ግድ ነው። ማለትም በጣም አደገኛዋ ቅጽበት የማራገፊያዋ ናት። የአሮጌው ማውዘር ባለሦስት ደረጃ ሴፍቲ መሀለኛው ቦታ ላይ ሲሆን ተኩስ ተቆልፎ መቀባበያው ይንቀሳቀሳል፤ ብልህ አሠራር ነው፣ ሁሉም ጠመንጃ ግን የለውም። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ አፈሙዝ ወደ ለስላሳ መሬት፣ ጣት ከቃታ ውጭ፣ ተነቃይ ካዝና ካለ ቀድሞ ይነቀል፣ ከዚያ መቀባበያ ይሳብ፣ ማጉረሻው በዓይን ይታይ፣ በትንሿ ጣትም ይዳሰስ። ሲመሽ ጣት ከዓይን ይበልጣል። ካዝናውን ሳይነቅሉ መቀባበያ መሳብ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማጉረስ ነው።

ሁለት ጠመንጃ ስላለ ሁለት መቀባበያ አለ፣ እዚህ ላይ ቤቱ አንድ ነገር ረስቷል። የመቀባበያ ኪሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ምልክት የላቸውም። ተመሳሳይ ሥሪት ባላቸው ሁለት ጠመንጃዎች መካከል መቀባበያ ከተቀያየረ ገብቶ ሊዘጋ ይችላል፤ በመቀባበያው ፊትና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ልክ ግን የተሠራው ለየራሳቸው ነው። ልኩ ከሰፋ ቀልሃው ሊቀደድና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። በብዙ ማውዘሮች መቀባበያው ላይ የጠመንጃው ቁጥር ተቀርጿል፤ ይታይ። ኪሶቹ ላይ በቀለም 1 እና 2 መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቁልፉ መካከለኛ ነው። ቤቱ በመደበኛ የሚሰጠው ለሁለት ጓጉንቸር የሚሆን ከውጭ የተበየደ ጆሮ ነው። ጆሮው ከ5 ሚሊ ብረት ስለሆነ ጓጉንቸሩ ቀድሞ ይቆረጣል። ጨመር አድርጎ ለሚከፍል ወደ ውስጥ የገባ፣ ሁለት ዘንግ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ ቁልፍ ይሠራሉ፤ ውጭ ላይ የሚያዝ ነገር ስለሌለው እሱ ይሻላል። ማጠፊያው ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ሆኖ ፒኑ በሁለቱም ጫፍ መበየዱን አይታችሁ ተቀበሉ፤ ካልተበየደ በመዶሻ ተመትቶ ይወጣል፣ ቁልፉም ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

አገጣጠሙ ላይ ቤቱ ይቸኩላል። ሳጥኑን በደብል ጋቢና ፒክአፕ ካሶኒ ላይ በቁመት ያስቀምጡና በትራፓኖ በስተው በአራት ቀጭን ቡሎን ከላሜራው ጋር ብቻ ያስራሉ። የካሶኒ ላሜራ ስስ ነው፤ ኮረኮንቹ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ይቀደዳል። መጠየቅ ያለበት 10 ሚሊ ቡሎን፣ ከካሶኒው ሥር 5 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት፣ በሳጥኑና በካሶኒው መካከል ጎማ ነው። የቡሎኑ ራስ ሳጥኑ ውስጥ፣ ዳዶው ከሥር ሆኖ ከብረቱ ጋር ይበየድ፤ ሳይከፈት እንዳይፈታ። ከመብሳታችሁ በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ የነዳጅና የፍሬን መስመር የት እንደሚያልፍ ይይ። ለዚህ የሚቸኩል በያጅ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

እርጥበቱ ከቁልፉ ይበልጥ ጠመንጃ ይገድላል። ከአዲስ አበባ 2,400 ሜትር ተነስቶ በሞጆ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ፣ ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ደጋ 3,000 ሜትር የሚወጣ ብረት በአንድ ቀን ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያልበዋል። ቤቱ ውስጡን የሚያለብሰው የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ ውኃ ይመጥና ይይዛል፣ ጠመንጃውን የነካበት ቦታ ሁሉ ዝገት ይጀምራል። የተለጠፈበት ማስቲሽም በሙቀት ይለቃል፣ የሰደፉንም ቫርኒሽ ያበላሻል። ስፖንጁን እምቢ በሉ፤ ውኃ የማይመጥ ጥቅጥቅ ያለ ፎም ከሞኬት ሥር ይደረግ። ወለሉ ጥግ ላይ 8 ሚሊ የሆነች የውኃ መውጫ ቀዳዳ በጎማ ክዳን ይኑር። ዝናብ ላይ ተውሎ ከተገባ ጠመንጃው ወጥቶ ይጠረግ፣ ሳጥኑም ክዳኑ ተከፍቶ ይደር። የቆዳ ማኅደር ውስጥ አድርጎ ሳጥን ውስጥ መክተት የሚወዱ አሉ፤ ቆዳ እርጥበት ያቆራል፣ ለመሸከም ነው እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም።

አቧራ ለመከላከል የክዳኑ ዙሪያ የመኪና በር ጎማ ተገጥሞለታል፣ ጥሩ ይይዛል። ብየዳው ግን ነጥብ ነጥብ ክፍተት ይተዋል። ስትረከቡ የበራ ባትሪ ውስጥ አስገብታችሁ ዝጉትና ጨለማ ቦታ ዙሩት፤ ብርሃን በወጣበት ሁሉ አቧራም ውኃም ይገባል። ቀለሙም እንዲሁ ይፈተሽ። ከብየዳው በኋላ የሚቀረውን ቅርፊት በብሩሽ ሳያነሱ አንቲረስት ይረጩበታል፤ ጥቂት ወር ቆይቶ ከነቀለሙ ይረግፋል። ጥቁር ቀለም ያምራል፣ ቆላ ላይ ግን ውስጡ ምድጃ ይሆናል፤ ነጣ ያለ ግራጫ ይሻላል።

የጥይት ሳጥኗ ደካማ ናት። ከትልቁ ሳጥን ጎን ተበይዳ የምትመጣ ትንሽ መሳቢያ ነች፤ ቁልፏ ከትልቁ ጋር አንድ ነው። ይህ የመለያየቱን ትርጉም ያጠፋዋል። አለማዘዝና በሌላ ቁልፍ የሚዘጋ ትንሽ የብረት ሣጥን ጋቢናው ውስጥ ከወንበር ሥር ማድረግ የተሻለ ነው፤ የሁለቱ ቁልፎችም ሁለት ሰው ዘንድ ይሁኑ። በአየር የሚመጣ እንግዳ ይዞት የሚገባው ጥይት በአየር መንገዶች ደንብ ከነማሸጊያው ለአንድ ሰው 5 ኪሎ ነው፣ የሁለት ሰው ድርሻም አይደመርም፤ ስለዚህ ትልቅ መያዣ አያስፈልግም። ጠመንጃው ከቦሌ የሚመጣበት የፕላስቲክ ሃርድ ኬዝ፣ ለምሳሌ ውስጡ 128 ሳ.ሜ. የሆነው ፔሊካን 1750፣ ለአውሮፕላን የሚወዳደረው የለም። መኪና ላይ ግን እሱን ራሱን ይዞ የሚሮጥ ሰው አያቆመውም፣ የጎረሰንም ካልጎረሰ አይለይም።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ሠራተኞቹ የሚያወሩትን ያውቃሉ፤ ስለ ዘንጉ ሲጠየቁ በወረቀት ስለው ያስረዳሉ። ግማሽ ቀብድ ይቀበላሉ። ሥራው የሚዘገየው ማጠፊያ ማሽኑ የራሳቸው ስላልሆነ ነው፤ ላሜራው ሌላ ቤት ሄዶ ታጥፎ ይመለሳል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁለቱም ቤት ይቆማል። ለጉዞ ቀን አንገት ላይ አትዘዙ። ውፍረት፣ የላሜራ መጠን፣ የቡሎን ልክ፣ የካሊበር ዓይነት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

ለልክ ብላችሁ ጠመንጃ ይዛችሁ ወርክሾፕ አትሂዱ። በማያስፈልግ ምክንያት መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ነው፣ ብየዳ ቤትም የሚገባ የሚወጣው ብዙ ነው። ጠመንጃውን ቤት ውስጥ አራግፋችሁ ካርቶን ላይ አጋድሙትና ዙሪያውን በእርሳስ አውጡ፤ የመነጽሩን ከፍታ፣ ከሰደፍ ጫፍ እስከ መቀባበያው መውጫ ያለውን ርቀት፣ የመቀባበያውን ውፍረት በካሊፐር ለክታችሁ ጻፉበት። ካርቶኑ ይበቃቸዋል።

በየተኩሱ ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ያለው ሰው ይህንን ሳጥን አይዘዝ፤ መቀባበያው በቀላሉ ስለማይወጣ ዘንጉ አይሠራለትም። ከመሀል የሚሰበር ባለሁለት አፈሙዝ ያለውም አያስፈልገውም፤ በርሜሉና ሰደፉ ተለያይተው በጣም ባጠረ ሳጥን ይገባሉ፣ ይህንንም ያው ቤት በ85 ሳ.ሜ. ይሠራል።